ኖራ ያለ እሳት ለምን ይፈላል? ስለ ኬሚካዊ ትስስርና ስለ ሙቀት የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ጎንደር

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ባለፈው ሳምንት በሰፈራችን አንድ የቆየ የድንጋይ ቤት ሲታደስ ቆሜ ስመለከት ግንበኞቹ ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነጫጭ ጓል አውጥተው በግማሽ በተቆረጠ በርሜል ውስጥ አደረጉና ውሃ አፈሰሱበት። ለጥቂት ደቂቃ ምንም አልተፈጠረም። ከዚያ ጓሉ ልክ ምጣድ ላይ እንዳለ ሽንብራ ጣ ጣ እያለ ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ እንፋሎቱ ወጣ፤ ነጩ ነገር እንደ ገንፎ እየተንተከተከ አበጠ፤ በርሜሉም በእጅ የማይነካ ሆነ። ከበርሜሉ ሥር ግን አንድም ፍም አልነበረም። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አንዱን ግንበኛ ብጠይቃቸው «እሳቱ ውስጡ ነው ያለው» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጥያቄዬ የሚነሳው ከዚህ ላይ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን በአተሞች መካከል ያለን ትስስር ለማፍረስ ጉልበት እንደሚያስፈልግ፣ ትስስር ሲፈጠር ደግሞ ጉልበት እንደሚወጣ አስተምረውናል። በባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ግን በሕዋሳት ውስጥ ጉልበት የሚያቀብለው ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል «ትስስሩ ሲፈርስ ጉልበት ይሰጣል» ተብለናል። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልሁም። ኖራው ውስጥ ያለው ካልሲየም ኦክሳይድ አዮናዊ ትስስሩ እጅግ ጠንካራ እንደሆነ በደብተሬ ጽፌአለሁ። ታዲያ ይህን የሚያህል ጠንካራ ትስስር ውሃ ሲያፈርሰው በርሜሉ መቀዝቀዝ ሲገባው እንዴት ፈላ?

መልስ 1፦ የቆየ ግንበኛ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ በድንጋይና በኖራ ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያሳለፍሁ ሰው ነኝ እንጂ የኬሚስትሪ ሊቅ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምነግርሽ በእጄ የማውቀውን ብቻ ነው።

የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ በብዙ እንጨት ሲቃጠል ሰንብቶ ሲወጣ ቅርጹ እንደነበረ ነው፤ ነገር ግን ስታነሺው እንደ ባዶ ቅል ይቀልሻል፤ ከግማሹ ብዙም ያልራቀ ክብደቱን እቶኑ ውስጥ ጥሎት ይወጣል። ውሃ ያልነካው ይህ ኖራ እርጥበት በሌለበት ቦታ ካልተቀመጠ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ከረጢቱን ያፈነዳል። ውሃ ጠጥቶ ካበቃ በኋላ በወንፊት አጥልለን ጉድጓድ ውስጥ ውሃ አልብሰን እናቆየዋለን፤ የቆየው ሁልጊዜ ከአዲሱ ይሻላል፣ እንደ ቅቤም ይለሰልሳል።

አንድ ነገር አደራ። ከዓመታት በፊት አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ልጅ በርሜሉ ላይ አጎንብሶ ሲመለከት ፍንጣሪው ዓይኑን አግኝቶት ለረጅም ጊዜ ሲታከም ኖሯል። ዳግመኛ ስታይ ራቅ ብለሽ ቁሚ።

እኔም ለመምህራኑ አንድ ጥያቄ አለኝ። ውፍረት ያለው የኖራ ግንብ ስናፈርስ ላይ ላዩ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ውስጡ ግን ከዓመታት በኋላም በጣት የሚፈረፈር ሆኖ የምናገኘው ስለምንድን ነው? ደርቆ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በደረቀ ነበር።

መልስ 2፦ የኬሚስትሪ መምህር

የጋሼን መልስ ካነበብሁ በኋላ የእኔ ሥራ ቀሏል፤ ምክንያቱም ዋናውን ፍንጭ፣ ማለትም የክብደቱን ነገር፣ እሳቸው አስቀምጠውታል።

መጀመሪያ ግን መምህርሽ ትክክል መሆናቸውን ላረጋግጥልሽ። ትስስር ማፍረስ ሁልጊዜ ጉልበት ይጠይቃል፤ ለዚህ ሕግ ኖራም ሆነ ኤቲፒ የተለየ ነገር አይደሉም። ከጥልቅ ጉድጓድ ውሃ መቅዳትን አስቢ። ባልዲውን ወደ ላይ ለመሳብ ክንድሽ ይደክማል፤ ገመዱን ብትለቂው ግን ባልዲው በራሱ ተምዘግዝጎ ይወርዳል። የሚሳሳቡ አተሞችን ማለያየት ባልዲውን እንደ መሳብ፣ እንዲገናኙ መተው ደግሞ ባልዲውን እንደ መልቀቅ ነው። በአንድ አፀግብሮት ውስጥ ሁለቱም ይፈጸማሉ፤ የቆዩ ትስስሮች ይፈርሳሉ፣ አዳዲሶች ይፈጠራሉ። በርሜሉ የሚሞቀው ወይም የሚቀዘቅዘው ከሁለቱ ሒሳብ የትኛው እንደሚበልጥ ታይቶ ነው። አንቺ የመፍረሱን ወጪ ቆጥረሽ የመፈጠሩን ገቢ ሳትቆጥሪ ስለቀረሽ ነው ሒሳቡ አልገጥም ያለሽ።

አሁን ወደ ድንጋዩ እንሂድ። የካልሲየም አተም 20 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ እነሱም በምህዋሮቹ ላይ 2፣ 8፣ 8፣ 2 ሆነው ተደርድረዋል። የውጨኞቹን ሁለቱን ሲሰጥ ሁለት አወንታዊ ሙል (ቻርጅ) ያለው አዮን ይሆናል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ይህ አዮን የሚቀመጠው ካርቦኔት ከሚባለውና ሁለት አሉታዊ ሙል ካለው አዮን አጠገብ ነው። ልብ በይ፤ በካልሲየሙና በካርቦኔቱ መካከል ያለው በተቃራኒ ሙሎች መሳሳብ የሚፈጠረው አዮናዊ ትስስር ሲሆን በካርቦኔቱ ውስጥ ካርቦኑንና ሦስቱን ኦክስጅኖች የሚያያይዘው ግን ኤሌክትሮን በመጋራት የሚፈጠረው ኮቫለንት ትስስር ነው። አንድ ውሁድ አዮናዊ ከተባለ በውስጡ ኮቫለንት ትስስር አይኖርም ብለው የሚደመድሙ ተማሪዎች በየዓመቱ ያጋጥሙኛል።

እቶኑ ወደ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲግል የሚፈርሰው ካርቦኔቱ ነው። ከሦስቱ ኦክስጅኖች ሁለቱ ከካርቦኑ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነው በጭስ ማውጫው ይሄዳሉ፤ አንዱ ኦክሳይድ አዮን ሆኖ ከካልሲየሙ ጋር ይቀራል። ከ100 ግራም የኖራ ድንጋይ 44 ግራሙ ጋዝ ሆኖ ሲተን 56 ግራም ብቻ ይቀራል። ጋሼ «ከግማሹ ብዙም ያልራቀ» ያሉት ይህንኑ ነው፤ በእጅ ተመዝኖ ይህን ያህል መቅረቡ ይደንቀኛል። ለዚህ መለያየት በአንድ ሞል፣ ማለትም በዚያው 100 ግራም ድንጋይ፣ 178 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ወጪ ይሆናል። እንጨቱ የተማገደው ለዚህ ነው።

በርሜሉ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ይሆናል። ኦክሳይድ አዮን ሁለት አሉታዊ ሙል በጠባብ ቦታ የተሸከመ ስለሆነ ፕሮቶን (የሃይድሮጅን አዮን) ለማግኘት እጅግ ይስገበገባል። ውሃ ሲያገኝ ከውሃው ሞለኪውል አንድ ፕሮቶን ይነጥቃል፤ የነጠቀውም የተነጠቀውም ሁለቱም ሃይድሮክሳይድ አዮን ይሆናሉ። ይህ እንዲሆን ከውሃው አንድ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ትስስር ፈርሷል፣ የካልሲየም ኦክሳይዱም ጠንካራ ድርድር ተበትኗል። እስከዚህ ድረስ ያንቺ ስጋት ትክክል ነው፤ ወጪው ከባድ ነው። ነገር ግን በምትኩ አዲስ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ትስስር ተፈጥሯል፤ ካልሲየሙና ሃይድሮክሳይዶቹም አዲስ ድርድር ሠርተዋል። በአንድ ሞል፣ ማለትም በዚያው በቀረው 56 ግራም፣ ገቢው ከወጪው በ65 ኪሎጁል ያህል ይበልጣል። በርሜሉን ያፈላው ይህ ትርፍ ነው።

ትርፉ ምን ያህል እንደሆነ በወጥ ቤት ልክ ልንገርሽ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ካልሲየም ኦክሳይድ ውሃ ሲጠጣ 1160 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደዚያ ለማድረስ 305 ኪሎጁል ገደማ ይበቃል። ሙቀቱ በሙሉ ውሃውን ለማሞቅ ቢውል ኖሮ አንድ ኪሎ ኖራ ከ3 ሊትር ተኩል በላይ ውሃ ያፈላ ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ያለው ውሃው በጓሉ ቀዳዳዎች ሰርጎ እስኪገባ ነው። አፀግብሮቱ ራሱ ሲሞቅ ስለሚፈጥን አንዴ ከጀመረ በኋላ የሚያቆመው የለም። በእቶን ከመጠን በላይ የተቃጠለ ኖራ ቀዳዳዎቹ ስለሚጠብቡ ብዙ ይዘገያል።

የጋሼ ጥያቄ ግን ከሁሉም የሚበልጥ ነው። ኖራ ግንብ ላይ የሚጠነክረው ውሃው በመድረቁ ብቻ አይደለም። ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ፣ ውሃ እየለቀቀ፣ ተመልሶ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ያው የኖራ ድንጋይ ይሆናል። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ አንድ እጅ እንኳን በእጅጉ ያነሰ ስለሆነና በግንቡ ቀዳዳዎች በኩል ቀስ በቀስ መግባት ስላለበት ሥራው ከላይ ወደ ውስጥ በዓመታት ይሄዳል። እርስዎ በጣት የሚፈረፍሩት የውስጠኛው ክፍል አየሩ ገና ያልደረሰው ነው። ፌኖልፍታሌን የተባለው አመልካች ፈሳሽ በአዲስ ስባሪ ላይ ቢረጭበት ሃይድሮክሳይድ ገና ያለበት ውስጡ ደማቅ ሮዝ ይሆናል፤ ድንጋይ የሆነው ጠርዝ ግን ቀለም አያወጣም። ድንበሩ በዓይን የሚታይ መስመር ነው።

በዚህ ሁለተኛ ጉዞ ላይ የሚወጣው ሙቀት 113 ኪሎጁል ያህል ነው። አሁን 65ን እና 113ን ደምሪያቸው፤ 178 ይመጣል። እቶኑ ያበደረው ጉልበት ሳይጎድል ተመልሷል ማለት ነው፤ ሲሶ የሚያህለው በርሜሉ ውስጥ በአንድ ሰዓት፣ የቀረው ግንቡ ላይ ማንም ሳያስተውለው በዓመታት። የመነሻውና የመድረሻው ነገር አንድ ከሆነ በመካከል በየትኛውም መንገድ ብንሄድ የሙቀቱ ሒሳብ እንደማይለወጥ የሄስ ሕግ የሚነግረን ይህንኑ ነው። የቤተ መንግሥቱን ግንብ አጠገብ ስታልፊ አስቢው፤ ከተማዋ በአፄ ፋሲለደስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የተገነቡት ግንቦች ድንጋያቸው የተያያዘው በኖራ ነው።

መልስ 3፦ የመድረኩ አባል

መምህር፣ ማብራሪያዎ ረዝሟል፤ ነገሩ ግን ቀላል ይመስለኛል። ኖራው እቶን ውስጥ ሳለ ብዙ ሙቀት ጠጥቷል፤ ውሃ ሲነካው የጠጣውን ሙቀት ይተፋዋል። ግንበኛውም «እሳቱ ውስጡ ነው» ያሉት ይህንን አይደለምን?

መልስ 4፦ የኬሚስትሪ መምህር

ወንድሜ፣ አባባሉ ለእውነት የቀረበ ነው፤ ሆኖም አንድ ቃል ያሳስተዋል። ኖራው የያዘው ሙቀት አይደለም። የጋለ ምጣድ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ለጊዜው ሙቀት ይይዛል፤ እስከ ማታ ግን በርዶ ያድራል። ኖራ ግን እርጥበት ሳያገኘው ለወራት ቢቀመጥ፣ ቴርሞሜትር ብንሰካበት ከክፍሉ ሙቀት የተለየ ነገር ባናነብም፣ ውሃ በነካው ቀን ይፈላል። እቶኑ ያደረገው ነገር ቢኖር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከካልሲየሙ አለያይቶ አተሞቹን ለመገናኘት በሚጓጉበት ሁኔታ ላይ መተው ነው። ባልዲው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል እንደ ማለት ነው፤ ባልዲው ራሱ ትኩስ አይደለም።

ጠያቂ

መምህር እና ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ65ቱና የ113ቱ ድምር 178 መሆኑን ሳይ ደብተሬን አውጥቼ ደግሜ ሠራሁት። የኤቲፒው ነገር ግን አሁንም ከልቤ አልወጣም። የባዮሎጂ መጽሐፋችን በሦስተኛው ፎስፌት ላይ ያለውን ትስስር «ከፍተኛ ጉልበት ያለው ትስስር» ይለዋል። ይህ ስሕተት ነው ማለት ነው?

መልስ 5፦ የባዮሎጂ ምሩቅ

እህቴ፣ እኔም በአንደኛ ዓመት በዚሁ ጥያቄ ተቸግሬ ስለነበር ልመልስልሽ። አነጋገሩ አጭር እንዲሆን ተብሎ የተቆረጠ ነው፤ የተቆረጠውም ውሃ የሚለው ቃል ነው። ኤቲፒ ዝም ብሎ አይሰበርም፤ ከውሃ ጋር ይፀግባል። የፎስፌቱ ትስስር ሲፈርስ ጉልበት ይበላል፤ ነገር ግን በቦታው ከውሃው ኦክስጅን ጋር ሌላ ትስስር ይፈጠራል። በተጨማሪም በኤቲፒ ላይ ተጠጋግተው እርስ በርስ ይገፋፉ የነበሩት አሉታዊ ሙሎች ይለያያሉ፤ የተለየው ፎስፌትም ኤሌክትሮኖቹን በሰፊው አሰራጭቶና በውሃ ሞለኪውሎች ተከብቦ ይረጋጋል። ይህ ሁሉ ሲደመር በመደበኛ ሁኔታ በአንድ ሞል 30 ኪሎጁል ያህል ሥራ ላይ ሊውል የሚችል ጉልበት ይተርፋል። ስለዚህ ጉልበቱ ትስስሩ ውስጥ እንደ ማር በቀፎ ተቀምጦ የነበረ ሳይሆን በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለ ልዩነት ነው። በእኔ አስተያየት «ከፍተኛ ጉልበት ያለው ትስስር» የሚለው ስያሜ ከጠቀመው ይልቅ ያሳሳተው ይበልጣል፤ ለፈተና ግን መጽሐፉ እንዳለው መጻፍሽን አትተዪ።

መልስ 6፦ የቆየ ግንበኛ

መምህር፣ የውስጡን ልስላሴ ምክንያት ዛሬ ገና አወቅሁ። ለዚህ ነው ለካ ልስኑን በስስ በስሱ ደራርበን እንድንመታ አሮጌዎቹ ግንበኞች ያስገድዱን የነበረው። በሲሚንቶ ስለተጠገኑ የድሮ ግንቦችም አንድ ነገር ቢሉን እወዳለሁ፤ የተጠገነው ቦታ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሲበላሽ አይቻለሁና።

መልስ 7፦ የኬሚስትሪ መምህር

ጋሼ፣ እውነት ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ሌላ ዓይነት አፀግብሮት ነው፤ ከአየር ምንም አይጠብቅም፤ ሲጠነክርም ከኖራ ይልቅ የደደረና እርጥበት የማያሳልፍ ይሆናል። በድሮ ግንብ ውስጥ የሚመላለሰው እርጥበት በኖራው በኩል መውጣት ሲገባው ሲሚንቶው ሲዘጋበት ዞሮ በደካማው ቦታ ይወጣል፤ እርስዎ ያዩት ብልሽት ይህ ነው። የፋሲል ግቢ ግንቦችም በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነው ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተደረጉት ጥገናዎች ሲሚንቶውን በኖራ የመተካት ሥራ የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጠያቂ

ለሁላችሁም ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ከግንበኞቹ አንድ ማንኪያ ውሃ የጠጣ ኖራ ለምኜ በሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጬ አሳደርሁት። በማግስቱ ከላይ የጠለለውን ንጹሕ ውሃ ቀድቼ ወደ ትምህርት ቤት ወሰድሁና መምህራችን ባሉበት በቀጭን ቱቦ እፍ አልሁበት። ወዲያው እንደ አጓት ደፈረሰ። የቀረውን ቤት ወስጄ እናቴ ለበዓል ከጠነሰሰችው ጠላ እንስራ አፍ ላይ ቱቦ አስገብቼ አረፋውን የሚያስነሳውን ጋዝ ወደ ውሃው መራሁት፤ ይኸኛውም ነጣ። እናቴ «ጠላዬን ደግሞ ምን አደረገችብኝ» ብላ ነበር፤ ጠላው ግን ደኅና ነው።

ያልገባኝ ግን ይህ ነው። ትምህርት ቤት እያለሁ አንዷ ጓደኛዬ ነጭ የሆነውን ውሃ ትታ አልሄድም ብላ ለብዙ ደቂቃ እፍ ስትልበት ነጩ ነገር ጠፍቶ ውሃው እንደገና ንጹሕ ሆነ። ካልሲየም ካርቦኔት ድንጋይ ከሆነ እንዴት ሟሟ?

መልስ 8፦ የኬሚስትሪ መምህር

ጓደኛሽን አመስግኚልኝ፤ ብዙ ሰው ነጩን እንዳየ ሙከራውን ስለሚያቆም ይህን ሳያይ ይቀራል።

መጀመሪያ የገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ ጋር ፀግቦ የማይሟሟውን ካርቦኔት ሠራ፤ ያነጣው እሱ ነው። ሃይድሮክሳይዱ ካለቀ በኋላም እፍ ማለቱ ሲቀጥል ትርፉ ጋዝ በውሃው ውስጥ ደካማ አሲድ ፈጠረ፤ ይህም አሲድ ለካርቦኔቱ ፕሮቶን ሰጥቶ ባይካርቦኔት አደረገው። ካልሲየም ባይካርቦኔት ደግሞ በውሃ ውስጥ ይሟሟል። የዝናብ ውሃ በኖራ ግንብ ውስጥ ሰርጎ በሌላ በኩል ሲወጣ ድንጋዩ ላይ የሚተወው ነጭ የእንባ መስመር መነሻው በአመዛኙ እንዲህ የሟሟ ኖራ ነው፤ ውሃው ሲተን ካርቦኔቱ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል።

ይህንኑ በማንቆርቆሪያ ማየት ይቻላል። ያንን እንደገና ንጹሕ የሆነውን ውሃ በመምህርሽ ፊት አፍሉት፤ ሲፈላ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ነጩ ተመልሶ ይመጣል። ከደፈረሰ በኋላ አጥልላችሁ ዝቃጩን አድርቁትና ሎሚ ጠብ አድርጉበት፤ ቢንተከተክ የመጣው ጋዝ የትኛው እንደሆነ አሁን ራስሽ ትነግሪኛለሽ።